ኦርኪዷ ተዝለፍልፋለች? ውሃውን አስቀምጡና መጀመሪያ ሥሯን እዩ

ቅጠሎቿ ተጨማደው እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። አበባዋ ከረገፈ ወራት አልፈዋል። ውጭው ደግሞ እሳት ነው። እንዲህ ሲሆን የሁላችንም እጅ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው። "ሙቀቱ አድርቋት ነው" እንልና ጠዋትም ማታም እናጠጣታለን፤ እሷ ግን ከቀን ወደ ቀን ይብስባታል።

እኔም የመጀመሪያዋን የገደልኳት እንዲሁ ነው። በጥም አልሞተችም፣ ሰጥማ ነው። ሥሯ በስብሶ ስላለቀ የምትጠጣበት አፍ አልነበራትም፤ እኔ ደግሞ ከላይ ቅጠሏን ብቻ እያየሁ "ገና አልጠገበችም" እያልኩ እጨምርላት ነበር። ሥር ያጣች ኦርኪድና ውሃ ያጣች ኦርኪድ ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው። የሚለዩት ከታች ነው፤ ስለዚህ ከታች እንጀምር።

የምጽፈው በዋናነት ስለ ፋላኖፕሲስ ነው። ያቺ ሰፋፊ ቅጠል ያላት፣ አበባዋ ቢራቢሮ የሚመስለው፣ ብዙ ጊዜ በስጦታ የምትመጣው። ያላችሁ ዴንድሮቢየም ወይም ካትሊያ ከሆነችም የሥሩ ሥራ ያው ነው።

1. ከማሰሮው አውጧት

አዎ፣ ታማ እያለችም ቢሆን። "አሁን ብነካት ትሞታለች" የሚል ፍርሃት ይይዛችኋል፣ አውቀዋለሁ። የበሰበሰ ሥር ውስጥ ከምትቆይ ግን መነካቱ ይሻላታል።

ፋላኖፕሲስ አፈር ላይ የምትበቅል ተክል አይደለችም። ትውልዷ ሞቃታማው የእስያ ደን ነው፤ እዚያ ዛፍ ላይ ተጣብቃ፣ ሥሯን አየር ላይ ዘርግታ ትኖራለች። ዛፉን አትመጠውም፣ መቀመጫ ብቻ ነው ያደረገችው። ዝናብ ሲመጣ ሥሯ ይርሳል፣ ዝናቡ ሲያባራ ነፋስ ያደርቀዋል። ሥሯን የሸፈነው ነጭ ስፖንጅ የመሰለ ልባስ ውሃን ቶሎ ይስባል፤ ከዚያ በኋላ ግን አየር ይፈልጋል። በማሰሮ ውስጥ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ሲቀመጥ ይታፈናል።

ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቀዝቃዛው ያነሰ ነው፣ የሚያበሰብሱት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ግን ሙቀት ይመቻቸዋል። ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ወራት የሚፈጀው መበስበስ ሞቃት ቦታ ላይ በሳምንታት ያልቃል። "ሞቃት ስለሆነ ብዙ ውሃ" የሚለው ስሌት የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው።

ከማውጣታችሁ በፊት ማሰሮውን ለ15 ደቂቃ ያህል ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ንከሩት፤ ሥሩ ይለሰልሳል፣ ቶሎ አይሰበርም። ፕላስቲክ ከሆነ ጎኑን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አላቁት። እምቢ ካለ ማሰሮውን ቅደዱት፤ ማሰሮ ይተካል። ከዚያ የድሮውን የዛፍ ቅርፊትና ሞስ (ውሃ እንደ ስፖንጅ የሚይዝ የደረቀ ተክል) በሙሉ አራግፉ፤ በተለይ መሀል ላይ ያለውን ጥቅጥቅ ያለ የሞስ ኳስ። ችግኝ እያለች የተተከለችበት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከሥሮቹ መካከል ተደብቆ ይቀራል። ዳር ዳሩ ደርቆ እሱ ግን ለሳምንት እርጥብ ይሆናል፣ መበስበሱም ብዙ ጊዜ ከዚያ ይነሳል። በጣታችሁ እየቆነጠራችሁ አውጡት፣ ሥሩንም በሚፈስ ውሃ እጠቡት።

2. ሕያውና ሙቱን ለዩ

ሥሩ ከራሰ በኋላ እያንዳንዱን በሁለት ጣት ጫን አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ ሕያው ነው። በቀለም ብቻ አትፍረዱ! ጤናማ ሥር ሲረጥብ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ብርማ ነው፤ ግን ብርሃን ሳያገኝ የኖረ ሥር ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖም ሕያው ሊሆን ይችላል። እኔ በዚህ ተሳስቼ ስንት ደህና ሥር ቆርጬ ጥያለሁ።

የሞተው ራሱን ያጋልጣል። ስትጫኑት ይፈርጣል ወይም ባዶ ቱቦ ይሆንባችኋል፤ ስትስቡት ልባሱ ይወልቅና መሀሉ ላይ እንደ ክር ያለ ነገር ይቀራል።

መቀሱን በአልኮል ጥረጉት ወይም በእሳት ለብለቡት። ከአንዷ ተክል ወደ ሌላዋ ስትሄዱ ግን በእሳት ለብለቡት፣ የኦርኪድ ቫይረስ በመቀስ ይተላለፋል፤ መድኃኒትም የለውም። ከዚያ የላሸቀውን ሁሉ ጠንካራው ክፍል እስኪደርስ ቁረጡ። ከማሰሮው ውጭ የተንጠለጠሉትን የአየር ሥሮች አትንኩ፤ አንዳንዴ ተክሏን ያቆዩዋት እነሱ ብቻ ናቸው።

የግንዱንም ታች እዩ። ጠቁሮ ከላሸቀ ንጹሕ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሥጋ እስኪታይ በትንሽ በትንሹ ከርክሙት። ዴንድሮቢየም ወይም ካትሊያ ላይ ግን ቅጠሉ ስለረገፈ ብቻ አሮጌውን ወፍራም ግንድ አትቁረጡ፤ ጠንካራ እስከሆነ ድረስ የስንቅ ጎተራዋ እሱ ነው።

ስለ ቀረፋ ትጠይቁኛላችሁ። የቀረፋ ዱቄት ያደርቃል፤ ለዚህም ነው ቁስል ላይ የሚነሰነሰው። የግንዱ ቁስል ላይ ትንሽ ነስነስ ማድረግ ይቻላል። ደህናው ሥር ላይ ካረፈ ግን እሱንም ያደርቀዋል፣ ስለዚህ ሥር ላይ አይሁን። ቁስል ማጽጃው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም በስብሶ የቀረውን ብቻ መርጦ አይነካም፤ ሕያውንም ያቃጥላል። እኔ ሁለቱንም ትቻለሁ። ንጹሕ መቀስና አየር ይበቃሉ።

አሁን ደግሞ የሚያመው ነገር፦ የአበባ ዘንግ ካላት ቁረጡት። አበባ ላይ ብትሆንም። ሥር የሌላት ተክል አበባ የምትይዘው ከቅጠሏ ውሃና ስንቅ እየወሰደች ነው። አበባውን ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡት፣ ለጥቂት ቀን ያምራል።

ከዚያ ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ለጥቂት ሰዓት ትድረቅ። አንድ ሌሊት ብታድርም ምንም አትሆንም።

3. ምን ያህል ሥር ቀረ?

ቀጣዩ እርምጃ የሚወሰነው በዚህ ነው።

ሥሩ ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ግን ከመነከሩ በፊት ደርቆ ብርማ ከነበረ፣ ደስ ይበላችሁ፣ እሷ የእውነት ጠምቷት ነው። ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ንከሯት፣ በአዲስ ቅርፊት ትከሏት፣ ከዚህ በኋላ ቀረብ ቀረብ አድርጋችሁ አጠጧት። እንዲህ ያለው ግን ያን ያህል አያጋጥመኝም።

አራት አምስት ደህና ሥር ካላት ወደ ቁጥር 4 ሂዱ። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነም እንዲሁ፣ ማሰሮው ግን በጣም ትንሽ ይሁን። ምንም ከሌላት ወደ ቁጥር 5 እለፉ።

የተክሏ እምብርት፣ ማለትም አዲስ ቅጠል የሚወጣበት መሀሉ፣ ጠቁሮ ሲነካ የሚነቀልና የሚሸት ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ ፋላኖፕሲስ የምታድገው በአንድ ጫፍ ብቻ ስለሆነ በዚያ በኩል አዲስ ቅጠል አታወጣም። ታችኛው ግንድ ጤነኛ ከሆነ አንዳንዴ ከጎኗ ትንሽ ልጅ ታወጣለች። የበሰበሰውን አጽዱ፣ አድርቁት፣ ከላይ ውሃ አታስነኳት፣ ከዚያ ጠብቁ።

4. መልሶ መትከል

ማሰሮው ቀሪውን ሥር ጠበብ አድርጎ የሚይዝ ብቻ ይሁን። "ትንሽ ሰፋ ይበል፣ እንድታድግ" ማለት ሥር የሌለበት እርጥብ ቦታ መጨመር ነው።

ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው፤ ሥሩን ሳትነቅሉ ታያላችሁ። ያልተቀባ ሸክላ ደግሞ ለሞቃት ቦታ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው፦ ውሃው በግድግዳው እየተነነ ሥሩን ያቀዘቅዛል፣ ቶሎም ይደርቃል። እጃችሁ ውሃ ላይ የማያርፍ ከሆነ ሸክላውን ውሰዱ። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ሲያገኘው ስለሚግል ተዉት።

አፈር አይሆንም። ትንሽም ቢሆን። የሚያስፈልገው ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የዛፍ ቅርፊት ቁርጥራጭ ነው፣ ከተገኘ ጥቂት ከሰልና ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ቅንጣት) ይጨመርበታል። ቅርፊቱን ከመትከላችሁ በፊት አንድ ሌሊት ዘፍዝፉት፤ ደረቅ ቅርፊት ውሃውን ገሸሽ ያደርገዋል። አየሩ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ጥቂት ሞስ ቀላቅሉ። ሞቃትና የሚያጣብቅ፣ ልብስ የማይደርቅበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሞሱን ተዉትና ከሰሉን አብዙ። ቅርፊት በሙቀት ቶሎ ስለሚበሰብስ በአንድ ዓመት፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት መቀየር አለበት።

ስትተክሉ የቅጠሎቹ መነሻ ከቅርፊቱ በላይ ይሁን፣ አይቀበር። ከዚያ ጥንካሬዋን ፈትሹ፦ ማሰሮውን ብታንቀሳቅሱት ተክሏ የምትወዛወዝ ከሆነ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሯት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አዲስ የሥር ጫፍ በጣም ስስ ነው፣ ተክሏ በተወዛወዘች ቁጥር ከቅርፊቱ ጋር እየተፋተገ ይሞታል፤ እናንተ ደግሞ "ለምን ሥር አታወጣም?" እያላችሁ ትጨነቃላችሁ።

ቅርፊቱ እርጥብ ስለሆነ ለሁለት ሦስት ቀን ውሃ አትስጧት። ቁስሉ ይድረቅ።

5. ሥር ጨርሶ የሌላት ከሆነች

የተለመደው ምክር እርጥብ ሞስ ያለበት ፌስታል ውስጥ ከታችሁ እሰሩት የሚል ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፦ አየሩ እርጥብ ሲሆን ቅጠሏ ውሃ አይጠፋባትም፣ ያለ ሥርም ትቆያለች። እኔም አደረግኩት። ፌስታሉን አጥብቄ አስሬ፣ ብርሃን ታግኝ ብዬ መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። በሦስተኛው ቀን ተቀቅላ አገኘኋት፤ ቃል በቃል፣ ቅጠሉ ሲነካ እንደ በሰለ ጎመን ነበር።

ስለዚህ በሙቀት ይህን ዘዴ እንዲህ አድርጉት፦ ሰፊና ብርሃን የሚያሳልፍ ሳጥን ውሰዱ፣ ክዳኑ ገርበብ ይበል እንጂ አይዘጋ። ታች ላይ የምታነጥፉት ሞስ ጥብቅ አድርጋችሁ ከጨመቃችሁት በኋላ ብቻ ይግባ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ አይሁን። የግንዷ ታች ሞሱን ነካ አድርጎ ይቀመጥ፣ አይጠለቅበት። ቦታው ጥላ ይሁን፤ ፀሐይ በቀጥታ ለአምስት ደቂቃም አይንካው። ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይመቻታል። በየቀኑ ክፈቱት፣ አየሩን ለውጡ፣ ሻጋታ ካያችሁ ሞሱን ጣሉና ቀይሩ።

ይህ ካስቸገራችሁ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ውሃ አድርጉና ተክሏን አፉ ላይ አስቀምጧት። ግንዷ ከውሃው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። አይንካው! ከታች የሚወጣው እርጥበት ሥር እንድታወጣ ያነሳሳታል፣ ውሃው ራሱ ከነካት ግን ትበሰብሳለች።

ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። አንድ ቀን ግንዷ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ጫፍ ብቅ ይላል። 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ታገሡና በቁጥር 4 መሠረት ትከሏት።

6. የምታገግምበት ቦታ

ብርሃን ያለበት ጥላ ነው የምትፈልገው። እጃችሁን ከቅጠሏ በላይ ዘርጉ፤ ጥላው ደብዘዝ ብሎ ከታየ ጥሩ ነው፣ ጠርዙ ጥርት ካለ ብርሃኑ በዝቷል፣ ምንም ጥላ ከሌለ ጨልሟል። ቅጠሉንም ዳስሱት። ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ አሁኑኑ አንሷት፤ ነገ ነጭ የቃጠሎ ጠባሳ ታዩበታላችሁና።

ሙቀቱ ቀን ላይ 30 ዲግሪ ቢደርስ ፋላኖፕሲስ ትችለዋለች። ከ35 ሲያልፍ ትቸገራለች። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌሊቱ ነው። ይህች ተክል እንደ ብዙዎቹ አይደለችም፤ የቅጠሏን ቀዳዳዎች የምትከፍተው በዋናነት ማታ ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ያኔ ታስገባለች። ሌሊቱ ሲግል ይህ ሥራዋ ይስተጓጎላል፣ ያጠራቀመችውንም ቶሎ ታቃጥለዋለች። ስለዚህ ቀን ፀሐይ የጠጣ የሲሚንቶ ግድግዳ አጠገብ አታስቀምጧት፤ ማታ ሙቀቱን የሚመልሰው በእሷ ላይ ነው። ማታ ማታ ነፋስ ወደሚገባበት መስኮት አስጠጓት።

ነፋስ ከሌለ ቬንቲሌተር ክፈቱላት፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ግድግዳ ዞሮ፤ ቅጠሏ በስሱ ቢነቃነቅ ይበቃል። ኤሲ ግን በቀጥታ አይንፈስባት፣ ያደርቃታል።

እርጥበትን በተመለከተ፣ ጠጠርና ውሃ ያለበት ትሪ ብዙ ይወራለታል፣ ለውጡ ግን ትንሽ ነው። ተክሎችን ሰብሰብ አድርጎ ማስቀመጥ የተሻለ ይሠራል። ቅጠል ላይ ውሃ መርጨትን ነፋስ በሌለበት አልመክርም፤ ጠብታው ወርዶ እምብርቷ ውስጥ ይተኛል። በተፈጥሮዋ ዛፍ ላይ ጎኗን ዘንበል ብላ ስለምትንጠለጠል ውሃው ይፈስላታል። እኛ ነን ቀጥ አድርገን የተከልናት። ውሃ ከገባባት በሶፍት ጫፍ አድርቁላት።

7. ውሃ፣ በመጨረሻ

"በሳምንት ስንቴ?" አትበሉኝ። በሸክላና በቅርፊት ያለች በደረቅ ሙቀት በየሁለት ሦስት ቀኑ ልትጠይቅ ትችላለች፣ በሞስ ያለችው ደግሞ ሳምንት ትቆያለች። ቀን መቁጠር ትታችሁ ሥሩን እዩ፦ አረንጓዴ ከሆነ ጠብቁ፣ ብርማ ከሆነ አጠጡ። ሥሩ የማይታይ ከሆነ ማሰሮውን አንሱት፤ ክብደቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ እጃችሁ ይለምደዋል።

ስታጠጡ ግን አትቆጥቡ። ጠዋት ላይ፣ ከታች እስኪፈስ ድረስ አንድ ደቂቃ ያህል አፍስሱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይንጠፍጠፍ። ማስጌጫው ማሰሮ ውስጥ የተጠራቀመውን ድፉት። በጎማ የምታጠጡ ከሆነ የመጀመሪያውን ውሃ መሬት ላይ ልቀቁት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ሊያቃጥላት ይችላል። በረዶ ማስቀመጥ የሚሉትንም እርሱት፤ ከሞቃት ደን የመጣች ተክል ናት። ማሰሮው ጠርዝ ላይ ነጭ ጨው ከታየ ውሃችሁ ጨዋማ ነው ወይም ማዳበሪያ በዝቷል፤ የዝናብ ውሃ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ።

8. ማዳበሪያና ተባይ

አዲስ ሥር ወይም ቅጠል እስኪታይ ማዳበሪያ የለም። ሥር ለሌላት ተክል ማዳበሪያ ጨው ነው፣ ያቃጥላታል። እድገት ሲጀምር በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቀድሞ በንጹሕ ውሃ በራሰ ሥር ላይ። በወር አንዴ በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቧት።

ቅጠሎቹ ብብት ውስጥ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። ጥጥ በ70 በመቶ አልኮል ነክራችሁ ጥረጉት፣ በየሳምንቱ ለአንድ ወር ድገሙት፤ እንቁላሉ በአንዴ አያልቅም። በደረቅ ሙቀት የቅጠሉ የታች ገጽ ብርማ ነጠብጣብ ካወጣ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፤ ቅጠሉን ከላይም ከታችም እጠቡት።

9. መጠበቅ

ከሁሉም የከበደው ይህ ነው። መጀመሪያ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። አትደንግጡ፣ አትንቀሉትም፤ ውስጡ ያለውን እየወሰደች ነው። የተጨማደዱት አሮጌ ቅጠሎች ምናልባት መቼም አይቃኑም፣ በእነሱ አትለኩ። የምትፈልጉት አረንጓዴ የሥር ጫፍና አዲስ ቅጠል ነው። አዲሱ ቅጠል መጀመሪያ ላይ ከቀድሞዎቹ ያንሳል፣ ያም ደህና ነው።

አበባ? ብዙ ጊዜ ከዓመት በኋላ። በዚያ ላይ ፋላኖፕሲስ የአበባ ዘንግ ለማውጣት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ገደማ በታች የሆነ ለጥቂት ሳምንታት የሚዘልቅ ጊዜ ትፈልጋለች። ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን በሚግል ቦታ ቅጠል ብቻ እያበዛች ዓመታት ልትቆይ ትችላለች፣ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም። ሌሊቱ ቀዝቀዝ የሚልበት ወቅት ካላችሁ ያኔ መስኮት ዳር ወይም በረንዳ ላይ ትደር። ከሌላችሁ ቀጣዩዋ ኦርኪዳችሁ ቫንዳ ወይም ሙቀት የሚወድ ዴንድሮቢየም ትሁን።

ዘንግ ካወጣች ደግሞ ቅጠሏን ቁጠሩ። ከሦስት ካነሰች ቁረጡት። ከዚያች ከተቀቀለችው በኋላ ያዳንኳት አንዷ ሁለት ቅጠል ብቻ ይዛ ዘንግ አወጣች። ሁለት ቀን እየዞርኩ አየሁት። በሦስተኛው ቀን መቀሱን በአልኮል ጠረግኩት።